ጉድጓድ ውስጥ የዘገየው ድንጋይ

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ከተማ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ወንድና ሴት ተማሪ ስለ ፈተናቸው ያወራሉ።

«ዘሀራ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለው ድንጋይ በስንት ጊዜ ውሃው ጋ ይደርሳል አልሽ?»

«በሁለት ሰከንድ። አንተስ?»

«በአርባ ደቂቃ።»

«ወላሂ? መንገድ ላይ ዙሁር ሰግዶ ነው?»

«ሰገደም ተኛም ያንቺው ድንጋይ ነው፣ ካንቺ እኮ ነው የኮረጅኩት።»

«እኔማ ኋላ አጥፍቼ አስተካከልኩት።»

«እና አትነግሪኝም?»

«ፈታኙ አጠገቤ ቆሞ?»

«ከወደቅኩኮ አባቴ ትምህርቱ ይብቃህ፣ ወንጭፍህን ይዘህ ጨፋ ወርደህ ማሽላ ከወፍ ጠብቅ ብሎኛል።»

«ይሻልሃል፣ እዚያ ድንጋዩ ቶሎ ይወርዳል።»

እኔ ሳቄን ልደብቅ ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ፣ በልጅነቴ የእናቴን ባልዲ ጉድጓድ የጨመርኩ ለት ትዝ ብሎኝ፣ ባልዲው ውሃው ጋ እስኪደርስ በሆዴ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ።