ልብስ መስቀያው ላይ ያደረችው

ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ጎረቤትህ። አትጨነቅ፣ እኔ ጋ ናት። ትናንት ማታ ነው የመጣችው… ደህና ናት፣ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ ተቀምጣለች።

ምን ላድርግ?… ባልዲ ልድፋባት? አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ሚስትህ ላይ ባልዲ ልድፋ?

…እ?… የምትጠይቀኝ ስለ እባቧ ነው? ቆይ ቆይ… ከሳጥኗ ወጥታለች?

— ምንም አይደለም፣ እህቴ። አንቺ ብቻ እግርሽን ከሶፋው እንዳታወርጂ።

ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? እኔ ደግሞ ሚስቱን ፍለጋ ደወለ ብዬ ልቤ ራርቶልህ ነበር። በል ፈልጋት፣ እኔም በሩ ሥር ፎጣ ልወትፍ።

…አገኘሃት?… የት?… አሁንም ልብስ መስቀያው ላይ?… አረንጓዴ ሐር ትመስላለች? እሱን አልጠየቅኩህም። ወደ ሳጥኗ መልሳትና ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫን።

«እትዬ» እያልክ አታባብለኝ፣ ስማኝ። ሚስትህ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን ከመስቀያው አንስታ አንገቷ ላይ ጣል ስታደርግ ዞራም አታይ፣ እጇ ለምዶታል። ትናንትም ጣል አደረገች… ሜትር ደግሞ አይቀዘቅዝም፣ ጆሮ ሥርም አይላወስም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እባብን በሜትር ቦታ ያጠለቀች ግን ያንተዋ የመጀመሪያዋ ናት።

…አትናከስም?… መርዝ የላትም? እሺ፣ እኔም መርዝ የለኝም፣ ግን ማንም እንደ ሻርፕ አይለብሰኝም። አንገቷን በሳሙና ፈግፍጋ ፈግፍጋ ቲማቲም አስመስላዋለች። እኔ ራሴ ሳወራልህ ይሰቀጥጠኛል።

የቅቤውን ዕቃማ አታስታውሰኝ። ቅቤ ልበደር መጥቼ ክዳኑን ብከፍተው፣ ያንን የእንቁራሪት ክምር… ቀለቧ እንደሆነማ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ዳቦዬን ደረቁን ነው የምበላው፣ እሱም ከወረደልኝ።

…አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ዛፉን የቆረጥከው አንተ ነህ፣ ቤቷን አፍርሰህባታል፣ አሳዘነችህ። አንጀትህ ደግ ነው፣ ማን ይክድሃል? ግን እንጀራህ ዛፍ መቁረጥ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ላደረ ሁሉ አልጋ ካነጠፍክ፣ ነገ ጉንዳኑም ቤተሰቡን ይዞ ይመጣብሃል።

— እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ።

ወይ እሷ ወይ እኔ ብላሃለች። ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ የስፌት መኪናዋን የሚያመጣላት ሰው እየጠየቀች ነው።

…ከሰፈራችን ወርክሾፕ ጀርባ ያለው ትልቁ ዛፍ? እሱንስ ሰኞ ልትጥለው አልነበር?… ተውከው? የዛፉ ባለቤት ምን አለህ?… ለመኪናው ጥላ ይሆነዋል ብለህ አሳመንከው?… ዛፍ ቆራጭ ስለ ዛፍ አማላጅ ሲሆን አየሁ፣ በል ይሁን።

— ሰማሽ? ትልቁ ዛፍ ላይ ሊለቃት ነው። ዛፉንም ላይቆርጠው ቃል ገብቷል። የቅቤውንም ዕቃ ይጥለዋል… ትጥለዋለህ አይደል?… ይጥለዋል።

ወንድሜ፣ እግሯን አወረደች። ከትናንት ጀምሮ ገና አሁን ነው መሬት የነካችው። ጫማዋን እየፈለገች ነው፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ በል።

…ነገ? ነገ ለምን?… ዝናብ ነው?… ይበርዳታል?

— ነገ ይሁንልኝ ይላል። ለዛሬ ብቻ እቤት ትደር… ውጭው ይበርዳታል ብሎ ነው።

እግሯን መልሳ ሰቀለችው። ቆይ፣ አትዝጋው፣ የምትልህ ነገር አላት…

ከበረዳትማ የእባቧን ልክ ለክተህ ላክላት፣ ካፖርት ትሰፋላታለች… በእሷ ሜትር ግን እንዳትለካት… እጅጌ ስለሌለው ለማታ ይደርሳል አለች።