ጮክ ብለው ይናገሩ

ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ነገር አንድ ቀን ዞሮ እሱኑ ያፋጥጠዋል ቢሏቸው ሃምሳ አለቃ በሳቅ በፈረሱ ነበር። ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ ያውም በአንድ ባንኮኒ ተቀምጠው የሰው አቤቱታ ሲመዘግቡ ኖረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከባንኮኒው ማዶ፣ ከባለጉዳዩ ጋር ተሰልፈው ቆሙ።

ያመጣቸው ጉዳይ ይህ ነው ተብሎ የሚወራም አልነበረም። ከክሊኒክ ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ አንድ እጁ የተባረከ ሌባ ቦርሳቸውን ይዞባቸው ወረደ። ቦርሳው ውስጥ የወር መድኃኒታቸውና የሐኪም ወረቀታቸው ነበር። ክሊኒኩ ደግሞ፣ «መድኃኒቱ ስለመሰረቁ ከፖሊስ ደብዳቤ ካላመጡ ሌላ አንሰጥም» አላቸው።

ጣቢያው ውስጥ ሲገቡ ግን የመጡበትን ረሱት። ያው የድሮው የወለል ሰምና የቀለም ሽታ! እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባው ግድግዳ፣ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀረው ሰዓት፣ ጀርባው ቀይ የሆነው የዕለት መዝገብ፣ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ክርናቸው ያለሰለሰው ቦታ ሳይቀር ነበረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወይ ጊዜ!» አሉ በልባቸው።

ከባንኮኒው በላይ ያች ሰሌዳቸው እንደተሰቀለች ናት። በገዛ እጃቸው፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ «ጮክ ብለው ይናገሩ፤ እውነት አያፍርም» ብለው የጻፉባት ሰሌዳ ናት። በዚያ ጣቢያ ባለጉዳይ ሁሉ የደረሰበትን በሁሉ ፊት በሙሉ ድምፅ እንዲናገር ደንብ ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ውሸታም በሰው ፊት ያፍራል፣ እውነተኛም ሰሚ ያገኛል ብለው ነው። አዛዦች እየመጡ ሄዱ፤ ደንቡ ግን ቀረ። በዚህም ይኮሩ ነበር፤ እኛም ባልኮሩ አንላቸውም፣ ሰው በሠራው መኩራቱ ያለ ነው።

ከፊታቸው እጅጌዋ ላይ ዱቄት የነካካት አንዲት ወጣት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ቆማለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ኮንስታብል።

«ቁልፍ… የቤቴ ቁልፍ።»

«አይሰማም! ጮክ በይ!»

ልጅቱ ዞር ብላ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ወንዶች አየች። የሻርፗን ጫፍ ጨብጣ፣ «ቁልፍ ነው የጠፋብኝ፣ ሌላ ምንም የለም» አለች።

ሃምሳ አለቃ የድሮ ዓይናቸው ነቃ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ይናደዳል እንጂ እንዲህ አይሸማቀቅም። «ይቺ ልጅ ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር አለ» አሉ ለራሳቸው። ኮንስታብሉ ግን ያለችውን ጻፈና ማኅተም እስኪመታ ግቢው ውስጥ እንድትጠብቅ ነገራት።

ተራው የእሳቸው ሆነ። ኮንስታብሉ አዲስ ነው፣ አያውቃቸውም።

«ምን ተሰረቁ አባት?»

«ቦርሳ።»

«ቦርሳው ውስጥስ?»

«መድኃኒት» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁም! የምን መድኃኒት?»

እዚህ ላይ ላብ አጠመቃቸው። መድኃኒቱ ሽንት አልያዝ ሲል የሚወሰድ ነው። ይህን ከሐኪሙ በቀር የሰማ የለም፤ ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ከኋላቸው የቆመው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሰፈራቸው ፀጉር አስተካካይ! ያ ሰው አንድ ነገር ከሰማ ሦስት ራስ ተላጭቶ ሳያልቅ አገር ይሰማዋል።

«ይንገሩኝ እንጂ አባት፣ ምን ያሳፍራል? ያውና ተጽፏል!» አለና ኮንስታብሉ በእስክሪብቶው ወደ ሰሌዳዋ ጠቆመ።

«መነጽር!» ብለው ጮኹ ሃምሳ አለቃ። «መድኃኒት አላልኩም፣ መነጽር ነው! መነጽርና ጋዜጣ!»

መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

አግዳሚው በሳቅ አውካካ። ኮንስታብሉ ብዕሩን አንሥቶ ሊጽፍ ሲል ከውስጥ አንዲት መኮንን ወጣችና፣ «ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። በሥራቸው የመጨረሻ ዓመት ኮንስታብል ሆና የመጣች፣ መዝገብ ላይ መስመር ማስመር ያስተማሯት ልጅ ነበረች። ዛሬ ኢንስፔክተር ሆናለች።

ወስዳ ያስገባቻቸው ድሮ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ነበር። አሁን ታጥቦ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ገብቶበታል። ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ሌላ በርም ተከፍቶለታል። ሻይ አስመጣችላቸው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሴቶች አቤቱታቸውን የሚናገሩበት እንዲሆን ያዘጋጀሁት ክፍል ነው። ግን ሥራ አልጀመረም፤ እርስዎ ይዘውታል ጋሼ።»

«እኔ? እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ?»

«ሰሌዳዎ ይዞታል። ሰሌዳው ይውረድ፣ ደንቡም ይለወጥ ብዬ አመለከትኩ። አዛዡ ግን፣ ‹የሃምሳ አለቃ መታሰቢያ ነው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይነካም› ብለው ዘጉኝ።»

አዛዡ እንዲህ ማለታቸው ሃምሳ አለቃን ደስ አሰኛቸው፤ የኢንስፔክተሯ ነገር ግን ከነከናቸው።

«ልጄ፣ ፖሊስ ጣቢያ የአደባባይ ቤት ነው። በር ከተዘጋ ሐሜት ይገባል። ደግሞስ ዛሬ የሴት ክፍል፣ ነገ የወንድ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ የሽማግሌ ክፍል ስትሉ፣ ፖሊሱ ሁሉ በር ከፋችና በር ዘጊ ሆኖ ሊቀር ነው!»

«ለሴት የተለየ ፍርድ እንስጥ አላልኩም፤ እውነቱን የምታወጣበት ቦታ እንስጣት ነው ያልኩት። ቤቷ ውስጥ የደረሰባትን፣ ወይ መንገድ ላይ ሰው ያደረጋትን፣ አሥር ወንድ ጆሮውን ቀስሮ እያዳመጠ እንዴት ጮክ ብላ ትናገር?»

«እውነት ከሆነ ምን ያሳፍራታል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጠራል ጋሼ። እስኪጠራ ድረስ ግን የምታድረው ከማን ጋር ነው?»

ሻያቸውን ፉት አሉ።

«እሺ፣ ተዘግቶላት ገብታ ባሏን በሐሰት ብትወነጅልስ? ቤት ፈረሰ ማለት አይደለም?»

«በር ዘግተን ሰማናት ማለት ሰውየውን ያለ ምርመራ አሰርነው ማለት አይደለም። የሰማነውን እንመረምራለን፤ ያልሰማነውን ግን ምኑን እንመረምራለን? ቤት የሚያፈርሰውም የሚመታው እጅ ነው እንጂ የሚናገረው አፍ አይደለም።»

«ሰውስ ከየት ታመጫለሽ? ይህ ጣቢያ መቼም ሰው ሞልቶት አያውቅም።»

«ሴቶች ሦስት ነን፤ በተራ እንገባለን። የመጣችው ሴት ነገሯን አንድ ጊዜ ትናገር፤ ከባንኮኒ ወደ መርማሪ፣ ከመርማሪ ወደ አዛዥ እየሄደች ቁስሏን ሦስት ጊዜ አትግለጥ። በሳምንቱም እንዴት ነሽ ብለን እንጠይቃት። ጥበቃችንንም ይዩት። በጠራራ ፀሐይ ገበያ በር ላይ እንደረደራለን፤ የዳቦ ቤቱ ሴቶች በማለዳ ሲሄዱ ግን መንገዱ ላይ አንድ ፖሊስ የለም። ለምን? የትኛውን መንገድ እንደሚፈሩ አልነገሩንማ።»

«በእኛ ጊዜ እኮ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም!» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ፊታቸው በትዝታ በራ። «መዝገቡን ብታገላብጪው ሴት ይዛ የምትመጣው ነገር ሁሉ ቀላል ነበር። ባለመቀሷን አልነገርኩሽም? ኧረ ስንት ዓመት ያሳቀችን ሴት ናት! ከማዶ ትንሽ ሱቅ የነበራት ልብስ ሰፊ ናት፤ የእኔን የደንብ ልብስ ኮሌታ ሲያልቅ የምትገለብጠው እሷ ነበረች። እጇ ወርቅ ነው። ታዲያ በየወሩ ትመጣና፣ ‹መቀሴ ጠፋ› ትላለች። ‹ጮክ በይ!› እላታለሁ። ‹መቀስ ጠፋብኝ!› ትላለች። እጽፋለሁ። በወሩ ደግሞ መቀስ! አንድ ቀንማ፣ ‹አንቺ ሴት፣ መቀስ ትበያለሽ እንዴ?› ብያት ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራን ሳቀች…»

ሃምሳ አለቃ እየሳቁ ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ስንት ጊዜ መጣች ጋሼ?»

«አምስት ጊዜ። ኋላማ ቀረች።»

«መቀስ የሌላት ልብስ ሰፊ ታዲያ በምን ትሠራ ነበር?»

«መቀሱማ ነበራት፤ ለኮሌታዬ ስሄድ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

መቀሱ ሁልጊዜ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ይህን ሲያዩ ኖረዋል። መጀመሪያ ቀን የመጣች ጊዜ ባንኮኒውን በአንድ እጇ ብቻ ይዛ፣ ሌላውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ እንደነበርም አሁን ትዝ አላቸው። ስትስቅ ዓይኗ አብሯት አልሳቀም። በኋላ ሱቋ ተዘጋ። ወዴት ሄደች ብሎ የጠየቀም የለም። እሳቸው ኮሌታቸውን የሚገለብጥላቸው ሌላ ሰው ፈለጉ፣ በቃ።

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አምስት ጊዜ መጣችልኝ» አሉ። «አምስት ጊዜ መቀስ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ደግሞ ሴቶች ችግር የለባቸውም ብዬ ስኩራራ ኖርኩ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ጋሼ፣ ክፉ አስበው አይደለም።»

«ክፉ ባላስብስ? ለእሷ ምን ጠቀማት?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሚኝ ልጄ። መነጽር አልተሰረቅሁም። የተሰረቅሁት የሽንት መድኃኒት ነው። እዚያ ፀጉር አስተካካይ ፊት መናገር አቅቶኝ ዋሸሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ባንኮኒ፣ በእጄ የጻፍኩት ሰሌዳ ሥር፣ እኔ ሃምሳ አለቃው ዋሸሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የሰውን በሽታ የሚያስደብቅ ደንብ አውጥቼ ነው የኖርኩት።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶ አንሥታ ልትጽፍላቸው ስትል እጇን ያዙ።

«የእኔ ይቆይ። ግቢው ውስጥ አንዲት የዳቦ ቤት ልጅ አለች፣ ቁልፍ ጠፋብኝ ያለች። ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ከሄደች አትመለስም። በዚህ በጓሮው በር አስገቢያት። ጩኺ ግን አትበያት።»

ልጅቱ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። እዚያ ውስጥ የተባለውን እኛም አልሰማንም፣ መስማትም አይገባንም። ኋላ የታወቀው ይህን ያህል ነው። የፈታችው ባሏ ቁልፏን ነጥቆ፣ ካልተመለስሽ እያለ ቤቷ ገብቶ ይጠብቃት ነበር። ያን ቀን ሁለት ፖሊሶች አብረዋት ሄደው የበሯ ጓጉንቸር ተቀየረ፣ ሰውየውም ተይዞ ተጠየቀ። ልጅቱ ወደ ቤቷ የገባችው አዲሱን ቁልፍ በእጇ ይዛ ነው።

በሩ ተዘግቶ ሳለ ሃምሳ አለቃ ወደ ባንኮኒው ሄዱ። ወንበር ስበው ወጡበት።

«አባት! ምን እያደረጉ ነው?» አለ ኮንስታብሉ።

«የእጅ ጽሑፌን ልወስድ ነው። ዝም ብለህ ወንበሩን ያዝልኝ፣ ወድቄ ሌላ መዝገብ እንዳታስከፍተኝ።»

ሰሌዳዋን አውርደው በጀርባዋ ጻፉባት። እጃቸው እንደ ድሮው አይጸናም፣ ፊደሉም ዘመመ፤ ግን ይነበባል፦ «በሩ ይዘጋል፤ ቀስ ብለው ይንገሩን።»

«አዲስ እንጨት አጥተን ነው ጋሼ?» አለች ኢንስፔክተሯ ስትመለስ።

«አዲስ አልፈልግም። ያኛው ጽሑፍ ከኋላው እንዳለ ልወቀው።»

ክፍሉ ሥራ በጀመረ በአራተኛው ወር አዛዡ ተጨንቀው ሃምሳ አለቃን አስጠሩ፤ የሴቶች አቤቱታ በሦስት እጥፍ በዝቶ ነበር። ሃምሳ አለቃ፣ «ወንጀሉ አይደለም የበዛው፣ ተናጋሪው ነው» ብለው አስረዷቸው። ሴቶቹ የሚፈሩት መንገድ ስለታወቀ ጥበቃው በማለዳ ወደ ዳቦ ቤቱ መንገድ ዞረ። እጁን ማንሣት የለመደ ባልም ጣቢያው ሰሚ እንዳለው አውቆ እጁን መሰብሰብ ጀመረ። ፖሊሱም ቢሆን የማይጨበጥ የጠፋ ዕቃ ሲያሳድድ ከመዋል ዳነ። ሰሚ ያገኘች ሴት ቤቷንም ሰፈሯንም ታድናለች፤ ያልተሰማች ግን አብራን ስቃ ትሄዳለች፣ ወዴት እንደሄደችም አናውቅም።

ሃምሳ አለቃ መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በየወሩ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ያቺ የልብስ ሰፊዋ ትንሽ ሱቅ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ሆናለች። እዚያ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ትንሽ ይቆማሉ።

«የሚያውቁት ሰው ነበር እዚህ?» አላቸው አንድ ቀን ባለ ፎቶ ኮፒው።

«አላወቅኋትም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አምስት ጊዜ መጥታልኝ ነበር።»