የወደቁት እንቁላሎች

ፈላና በር ከሚባለው ሰፈር በተነሳው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበረች ወጣት ሴት ዘንቢሏን ጉልበቴ ላይ አስደግፋ፣ ከወዲያ ጎኗ የተቀመጡትን፣ ከድሬ ጠያራ ገጠር የመጡ እንቁላል ሻጭ እናት ትወቅሳለች።

«አዴ፣ ባለፈው ሳምንት የሸጡልኝ እንቁላል እኮ አብዛኛው የተበላሸ ነው።»

«ወላሂ ትኩስ ነው! ውሃ ውስጥ ከተሽ ፈትኚው ብዬሽ አልነበር?»

«ፈተንኩት እንጂ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ወደቁ።»

«የት ወደቁ? መሬት ላይ?»

«ኧረ ውሃው ውስጥ፣ ታች። አውጥቼ ጣልኳቸው።»

«የወደቀውን ጣልሽው?»

«ታዲያስ! ወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ይኸው ቤት ተቀምጧል። የወደቀ ምኑ ደህና ነው?»

«ያ አላህ! ልጄ፣ እንቁላል ሲወድቅ ነው ደህና። የተንሳፈፈው ነው የከረመው።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ግራ ገባኝ። ያለፉት ናቸው የተበላሹት?»

«አዎ! እነሱን የት አደረግሻቸው?»

«ሹል ሹላቸውን ወደ ታች አድርጌ፣ ገብስ ውስጥ ቀብሬ ስጠብቃቸው ከረምኩ። ይኸው በዚህ ዘንቢል ሐኪም ጋራ ሰፈር ለሚኖሩት አማቴ ይዤላቸው እየሄድኩ ነው።»

እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን ዘንቢል ሳላነቃንቅ፣ የታክሲውን መስኮት እስከ ታች ከፈትኩት።