በሩ እስኪገጥም

እንዴት ዋልሽ ልጄ? ወንበሩ ይመቻል? … አናጢ ስለሆንኩ ሰው ሲቀመጥ ወንበሩን ነው የማየው፤ አትቀየሚኝ። ይቺን በር ላስተካክልና እሄዳለሁ። አልገጥም አለች አይደል? ማጠፊያዋ ላልቶ ነው። እንዲህ ገርበብ ብላ እየቀረች ነው ለካ ሰው ሁሉ ዘው የሚለው… በተለይ ያገር ልጅ። ያገር ልጅ መች ማንኳኳት ያውቃል?

አለቃሽ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው? ይሁን፣ አይቸኩሉ። እኔ እንኳ የመጣሁት የአዲሱን ሕንፃ በሮች እንዲሰጡኝ ልጠይቅ ነበር። «መጀመሪያ ይቺን ያስተካክል» አሉ አልሽኝ። ልክ ናቸው። ሰው ሳይፈተን ሥራ ይሰጠዋል እንዴ? … ጸጥ ያለ ስብሰባ ነው ግን። የሚያስለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እስክጨርስ ስለ አንድ የማውቀው ሰው ላጫውትሽ። አለቃሽን ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው የት፣ እሱ የት! ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሲሸለም፣ «እዚህ የደረስኩት ብቻዬን ነው፤ ካገር ቤት ስመጣ ከአንድ ኮት በቀር ምንም አልነበረኝም» አለ። ተጨበጨበለት። እውነቱን ነው፣ ኮት ነበረች። የማን እንደነበረች ሳይናገር ቀረ እንጂ… ንግግር ሲረዝም ደግሞ ያሰለቻል።

አንዲት ክፍል ውስጥ ከአንድ ያገሩ ልጅ ጋር ነበር የሚኖረው። ኮቷ የጓደኛው ናት። ሥራ ፍለጋ ሲወጡ በተራ ይለብሷታል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በካናቴራ ቁጭ። አንድ ቀን ታዲያ፣ ያገራቸው ሰው የሆኑ አንድ ባለመጋዘን ሠራተኛ ይፈልጋሉ ተባለ። ተራው የጓደኛው ነበር። ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ… ኮቷ የለችም። እንዴት ያለ ትጉህ ነው በይ! ሌላው ፊቱን እስኪታጠብ እሱ ሥራ ይይዛል።

ፈተናውንም አለፈ። ቀላል እንዳይመስልሽ። «የማን ልጅ ነህ?» ነው ጥያቄው፣ ያውም በቃል። አንዲት ስህተት አልተገኘበትም! ከዚያማ ማን ያቆመዋል? ባለመጋዘኑ ዕቃ በዱቤ ሰጡት፣ ያገሩ ሾፌር አመላለሰለት፣ ያገሩ ሰው ሱቅ አከራየው፣ ያገሩ ልጅ ሁሉ ከሱ ካልሆነ አልገዛም አለ። ይኸው… ብቻውን እዚህ ደረሰ።

ጓደኛውማ እስኪመሽ በር በሩን ሲያይ ዋለ አሉ። ኋላ እንጨት መላግ ተማረ። መላግ ያሞቃል፤ ኮት አይፈልግም። ቂም? ምን ቂም አለ! አንዴ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል እኮ። ሰውዬው ሳያውቀው አለፈ። አይፈረድበትም፤ ጓደኛው የዚያን ዕለት ኮት ለብሶ ነበራ። እሱ የሚያውቀው በካናቴራ ነው።

እስቲ ካቻቢቴውን አቀብይኝ። … ይኸው፣ ቀጥ አለች። አሁን ስትዘጋ የውስጡ ሳል አይወጣ፣ የውጭው ወሬ አይገባ። ያገር ልጅም ዘው አይልም። የአዲሱን ሕንፃ ነገር ተይው ልጄ፣ አትጠይቂልኝ። ብቻውን እዚህ የደረሰ ሰው በር መግጠም አያቅተውም… አለቃሽን ማለቴ አይደለም አልኩሽ እኮ።

በሯን ሳልዘጋት ግን ያን ሰውዬ ልመርቀው፤ ምርቃት በሩ ክፍት ሳለ ነው የሚያምር። ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው፤ ከሳሉም ይማረው። ልጆች አሉት አሉ፤ ይደጉለት፣ ይለፍላቸው። ደግሞ እሱኑ ይምሰሉ። አርጅቶ ደጃቸው የቆመ ቀን… እሱ ያገሩን ልጅ እንዳስታወሰ፣ እነሱም እንዲሁ ያስታውሱት።

አሜን በይ እንጂ ልጄ… በሯን ልዝጋት።