በዘሃራ ስም የተጫወትኩት ኳስ

በኛ ጊዜ ልጃገረድ ኳስ ስትመታ ማየት ብርቅ ነበር፤ እና ከሚሴ ላይ የሴቶች መረብ ኳስ አለ ከተባለ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣ ነበር። አንሻ፣ አጠገቤ ስላለሽ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው የማወራው፤ እስክጨርስ አትዪኝ። እናንተ ልጆች ስሙኝማ፣ ያኔ አንሻ የጨፋ ሮቢት ልጆች አምበል ነበረች፣ እኔ ደግሞ የከሚሴዎቹ። ጨዋታውም የዋንጫ ነበር።

ታዲያ ደንቡ በዚያ ዓመት ተመዝግባ የማትማር አትጫወትም ይላል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ፣ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የአጎቴ ልጅ ዘሃራ ግን ተማሪ ናት፤ ምን ያደርጋል፣ ኳስ ሲመጣባት ፊቷን ሸፍና ቁጭ ትላለች። እና የሷን መታወቂያ ይዤ ገባሁ። ፎቶው ደብዝዞ ከሻሹ በቀር የሚለይ ነገር የለውም። ተማሪ ያልሆንኩት እኔ የተማሪዎች አምበል ሆንኩ፣ ትሰማላችሁ?

ታዲያ ጨዋታው የዋለው በጨፋ ሮቢት የገበያ ቀን ነው። ግማሾቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ማሽላ ጭነው ገበያ ወጥተዋል፤ አንሻ ስድስት የሞላችው ኳስ ነክተው የማያውቁ ሁለት ልጆች ጨምራ ነው። ቀኑ ይለወጥልን ብላ ለመነች። ኮሚቴውም ሁለቱ አምበሎች ከተስማሙ ነገ ይሁን አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ከኮሚቴው አንድ ሐጂ ነበሩ። አፌን ሳልከፍት፣ “ኢንተለ ኤኙ ቲ? የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። እኛ አገር ከስምሽ በፊት አባትሽ ነው የሚጠየቀው፤ ያን ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም። እና አባቴ በሕይወት እያለ፣ ያውም ያን ዕለት ቁርስ አብረን በልተን፣ “የአሊ ልጅ ነኝ” አልኩ፣ የአጎቴን ስም ጠርቼ።

የሐጂ ፊት በራ። “አሊን አውቀዋለሁ። ያ ቤት ውሸት አያውቅም፤ እሷ ያለችው ይሁን” አሉ።

ታዲያ ያኔ መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ “ሕግ ሕግ ነው፤ የወጣ ፕሮግራም አይነካም። ሁላችንም በደንቡ እንጫወት” አልኩ። በደንቡ። ወላሂ፣ ይህችን ቃል የተናገርኳት እኔ ነኝ። አስተግፊሩላህ።

እና አሸነፍን፣ ማሸነፍ ከተባለ። ሁለቱ ልጆች ኳስ በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ እኔ እነሱ ላይ እየመታሁ ጎበዝ ተባልኩ። አንሻ መጥታ እጄን ጨብጣ፣ ዘሃራ፣ አላህ ይጨምርልሽ አለችኝ። ኋላ ወንድሜን አግብታ ቤታችን ስትመጣ፣ ዘሃራ ብላ አቀፈችኝ። እኔም ስሜ ኸድጃ ነው፣ ዘሃራ የቤት ስሜ ነበር አልኳት። በውሸት ላይ ውሸት። ይሄው እስከ ዛሬ፣ በየሰርጉ “የገበያ ቀን ባይሆን ኖሮ” ብላ ስትጀምር፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ “እውነትሽን ነው” እላለሁ።

በቃ፣ ጨረስኩ። አንሻ፣ አሁን እይኝ።

አንሻ አየችኝና፣ “ጨዋታው ይደገማል፤ ቀኑን የምቆርጠው እኔ ነኝ” አለች።

“ጉልበቴን እያወቅሽው?”

“ጉልበትሽን ተዪው። ብቻ በአባትሽ ስም ነይ።”