የተመረጠ እንጨት

በካቶሊክ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን የመግቢያ ፈተና ያለፉ ልጆች ስም ዝርዝር ሽማግሌው አናጢ በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አነበቡት። የልጅ ልጃቸው ስም የለም። የልጅቷ እናት፣ የእሳቸው ልጅ፣ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ስትሄድ «አደራ፣ ትምህርቷን» ብላ ነበር የሰጠቻቸው። አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ የተማረችበት ትምህርት ቤት ከዚያ አያልፍም።

እንደ ቆሙ የእህታቸው ልጅ የታሰሩ ደብተሮች በብብቷ ይዛ አገኘቻቸው። ከመንገዱ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ሰላምታው ሳያልቅ ልጅቷ ፈተናውን እንዳላለፈች፣ ስለዚህ ዘንድሮ ቤት እንደምትቀመጥና ለከርሞ እንደገና እንደምትፈተን ነገሯት።

«አጎቴ፣ እኛ ዘንድ አምስተኛ ክፍል ቦታ አለ። ምዝገባው ግን ዓርብ ያበቃል» አለች።

«በአንድ ዴስክ አምስት ልጅ ደርድራችሁ ነው ቦታ አለ የምትይኝ?»

አናጢው ያለ ማስረጃ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። የሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ዴስክ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። የካቶሊኩን ትምህርት ቤት በሚያስተዳድሩት ሲስተሮች ዘንድ ደወሉ ሲደወል መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይገኛል፤ ማዶ ግን አምና አንድ ክፍል ውስጥ ሲጠግኑ አርፍደው መምህር የሚባል ሳይመጣ ልጆቹ ምስማር ሲያቀብሏቸው ነበር። አስተማሪዋ ይህን አላስተባበለችም። ያ መምህር ጥፋተኛ ነው አለች። የራሷም ክፍል ስልሳ ሁለት ልጅ እንዳለበትና ደብተራቸውን በየቀኑ ሃያ ሃያውን በየተራ እንደምታርም ነገረቻቸው።

«ውጤቱስ?» አሉ። «ከነሱ ዘንድ ስምንተኛ ክፍልን የወደቀ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም። እርስዎ እንጨት ሲገዙ እንዴት ነው የሚገዙት?»

«አንድ በአንድ አይቼ ነዋ። የተጣመመውን፣ የተሰነጠቀውን እመልሳለሁ።»

«የመለሱትን ማን ይወስደዋል?»

«ሌላ አናጢ።»

«እንግዲህ የእርስዎ በር ቀጥ ብሎ የዚያ ሰው በር ቢጎብጥ ሥራ አያውቅም ይባላል?»

አናጢው በሙያቸው መዋሸት አይችሉም። «ከፊሉ የእንጨቱ ነው፤ ከፊሉ የእጁ ነው» አሉ።

«እኔም ከዚህ ሌላ አላልኩም። የሲስተሮቹ ውጤት ከፊሉ ምርጫ ነው፣ ከፊሉ እጅ። እኛ የመጣውን ልጅ ሁሉ እንቀበላለን እንጂ አንመርጥም። እጁን ግን ልንማረው እንችላለን።»

«የልጅ ልጄን ጠማማ እንጨት ማለትሽ ነው?»

«እኔ አላልኩም አጎቴ። ቤት ትቀመጥ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሳይሰናበቷት ሄዱ። ሰው የሚቆጣው ሐሰት ሲነግሩት ብቻ አይደለም።

በማግሥቱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት በር ሊጠግኑ ገቡና ሥራቸውን ሲጨርሱ ዳይሬክተሯን፣ አሮጊቷን ሲስተር፣ ስለ ልጅቷ ጠየቁ። ሲስተሯ መዝገቡን ገልጣ አሳየቻቸው። ሦስት መቶ ልጅ ተፈትኖ የተወሰደው አርባ ነው፤ ልጅቷ አርባ ስምንተኛ ወጥታለች።

«ስምንት ወንበር ነው እንግዲህ የጎደለው። እኔ እሠራዋለሁ» አሉ አናጢው። ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ አልነበረም።

ሲስተሯ ሳቀች። ያጠራት ወንበር ሳይሆን ደብተር የሚያነብ ዓይን እንደሆነ፣ አንድ መምህር በየቀኑ ከአርባ በላይ ደብተር በወጉ ሊያርም እንደማይችል አስረዳቻቸው። እነሱ ዘንድ ተአምር የለም፤ ስሕተት ሳያድር ይታረማል፣ ወላጅም በየሳምንቱ ደብተሩን አይቶ ይፈርማል፤ ያው ነው። ቀጥላም፣ «ቤት ውስጥ የልጅቷን ደብተር ማን ያይላታል?» አለቻቸው።

አናጢው ደብተር ገዝተዋል፣ ሸፍነዋል፣ እርሳስ ቀርጸዋል። ገልጠው ግን አያውቁም።

«ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ የምታውቀውንም ረስታ ነው የምትመጣው» አለች ሲስተሯ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ። ማዶ ያሉትም መምህራን ናቸው። ያስመዝግቧት፤ ለከርሞ ብትፈልግ ከዚያ መጥታ ትፈተናለች።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ጠርተው የሒሳብ ደብተሯን እንድታመጣ ነገሯት። አምጥታ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

ከዚህ ጥያቄ በላይ የሚወቅስ አልነበረም። አጠገባቸው አስቀመጧትና ገጽ በገጽ አዩ። ማካፈል ላይ ያው አንድ ስሕተት በሦስት ገጽ ይመላለሳል፤ ያስቆመው የለም። ማካፈል ደግሞ የአናጢ እንጀራ ነው። አንድ ጣውላ አውጥተው፣ በሜትር ለክተው፣ እኩል ለሰባት እየከፈሉ ሲያሳዩዋት አንድ ሰዓት አልፈጀም። ፈተናው ላይ ምን እንደጣላት ያን ጊዜ ገባቸው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልጠፋቸውም።

ዓርብ ጠዋት መንገዱን ተሻግረው አስመዘገቧት። ከፈረሙ በኋላም አልሄዱም፤ ወላጅ መጥቶ ደብተር የሚያይበት ቀን የትኛው እንደሆነ መዝጋቢውን ጠየቁት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅምና መመሪያውን አገላበጠ።

«የተወሰነ ቀን የለም» አለ በመጨረሻ። «ክልክል ነው የሚልም አላገኘሁም።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይሁን» አሉ፤ ወጥተውም ለእህታቸው ልጅ ነገሯት። ስለ ተቆጡበት ነገር ግን ምንም አላነሡም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ሐሙስ ሐሙስ መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሁለተኛው ወር ላይ ዘጠኝ ወላጆች ሆኑ። በር ላይ ወላጅ ቆሞ ሲያይ የሚቀር መምህር ስለማይኖር የሚቀረው መምህርም መግባት ጀመረ። አስተማሪዋ ስልሳ ሁለት ደብተር ብቻዋን ማገላበጡ ቀለላት፤ ቀላሉን ስሕተት ቤት ውስጥ የሚያይ ዓይን ተገኝቷልና። ዴስኩ ያው ጠባብ ነው፤ እሱን መካድ አይገባም። ልጅቷ ግን ዓመቷን አላጣችም። አደራዋን የሰጠች እናትም በደብዳቤ ስትጠይቅ አባቷ በግምት ሳይሆን ያዩትን ይጽፉላት ጀመር።

ዓመቱ ሲያልቅ የሲስተሮቹ ፈተና ማስታወቂያ ወጣ። አናጢው ቶሎ አልወሰኑም፤ ልጅቷን ጠየቋት። መፈተን እንደምትፈልግ ነገረቻቸውና ጥቂት አመንትታ፣ «ባላልፍስ አባባ?» አለች።

«መስከረም ሲጠባ ማዶ ትምህርት አለሻ» አሉ።