እጅሽን አሳርፈሽ ነይ

እትዬ ናፊሳ በሐይማኖት ሱቅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ሲቀመጡ፣ የከተማው ፓስፖርት ቢሮ ኃላፊ እዚያው ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡ ነበር። ናፊሳ አይተዋቸዋል። እንዳላዩ ሆነው ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ ባለሱቋ ዞሩ።

«እንዴት ዋልሽ ሐይማኖት? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ዘንድሮማ ሸዋሮቢት ልትቀልጥ ነው። የካራቆሬ ሰው እንኳ ‹እናንተስ እንዴት ቻላችሁት?› ይለናል… እኔ ግን አላማርርም። አልሐምዱሊላህ፣ ከተማችን ቀዝቃዛ ቦታ አላጣችም። ያ የፓስፖርት ቢሮ አለ አይደል?

አንድ የተባረኩ ሰው አሉበት። ስም አልጠራም፤ ደግ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም። የአሻራ ማሽኑ ሙቀት አይችልም ተብሎ በኛው ግብር ኤሲ ተገዛለት። እሳቸው ደግሞ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ ማሽኑን ብርድ እንዳይመታው ኤሲውን የራሳቸው ክፍል አስገቡት። ብርዱን ብቻቸውን ቻሉልን! ማሽኑም ረፋድ ላይ ይሞቀውና ያሸልባል። ‹ሲሾም ያልቀዘቀዘ ሲሻር ያልበዋል› ይባል የለ?… ምነው ሳቅሽ? ተረት እኮ ነው።

ሕንፃውማ ማሻአላህ! ከላይ ትልቅ ሰው በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይመረቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ በሬ ይጣላል። ፓስፖርቱ ባይደርሰን የጥብሱ ሽታ ደርሶናል፤ ምን ጎደለብን?»

ሰውየው ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። ናፊሳ ድምፃቸውን ይበልጥ አለሰለሱ።

«ልጄን ራህመትን ታውቂያት የለ? ሳዑዲ ሥራ ተገኝቶላት የቀራት ፓስፖርት ነበር። ማሽኑ ጣቷን አላውቅም አለ። ማሾ ሲያርም ያደገ ጣት ምን መስመር አለው? እኒያ ሰው ግን አላባረሯትም! ‹እጅሽን ከሥራ አሳርፈሽ ነይ› አሏት። በኛ አገር ሴትን ‹እረፊ› የሚል ማን አለ? ባሏም አይላት! እኛም አመንን። ቫዝሊን እየቀባን አስቀመጥናት። ማሾውን አረም በላው፣ እጇ ግን የሙሽራ እጅ መሰለ። ይዛው ሄደች… ሲስተም የለም። ደግማ ሄደች… ኃላፊው ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ናቸው። ሥልጠናው ስለ ምን መሰለሽ? ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት!

‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ይላሉ። እሳቸው ዘንድ እንቁላሉ ቁጭ ብሏል፤ በእግሯ የሄደችው ራህመት ናት። ባለፈው ጁምዓ ከደላላ ጋር በበረሃው ወጣች። ደላላ አሻራ አይጠይቅማ… እስካሁን አልደወለችም።»

የናፊሳ ዓይን እንባ ሞላ። ኃላፊው የውሃውን ሒሳብ አግዳሚው ላይ ትተው ተነሱ።

«እኔ ግን አልረግምም ሐይማኖት። እጄን የማነሳው ለዱዓ ነው። አላህ ለእኒያ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው። ልጆቻቸው የጨነቃቸው ለት ደግሞ የባዕድ ደጅ አያስጠናቸው፤ ጉዳያቸውን ሁሉ እዚያው አባታቸው ቢሮ፣ በአባታቸው አሠራር ይፈጽምላቸው። አሚን በይ እንጂ!»